የነፍሰ ገዳዩ ሚስት በእኔ ገበታ

ያን መጽሐፍ እኔ አላነበብኩትም። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ኋላ ነው በትልቅ ሰውነቴ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ ያልኩት። ቢሆንም ጋምቤላ ውስጥ ያን መጽሐፍ እንደ እኔ የሚያውቀው ሰው አልነበረም ብል አላጋነንኩም። የተነበበው በእኔ ቤት፣ በእኔ ገበታ ላይ፣ የእኔን ወጥ እያጠቀሱ ነው። መጨረሻ ላይም ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ ማብቂያው ግድም። ምግብ ቤቴ ባሮ ዳር፣ ከድሮው ወደብ መጋዘኖች ጀርባ ነበረች። ከሱዳን ይመጣ የነበረው መርከብ ቀርቶ መጋዘኖቹ የፍየል ማደሪያ ሆነዋል። የእኔ ቤት ቆርቆሮ ክዳን፣ ፊቷ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ። ሙቀቱን ተዉት፤ በቀትር ያ ቆርቆሮ ሥር የቆመ ሰው ከወጡ ጋር አብሮ ይበስላል። ደንበኞቼ ከደጋ ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ በወር ኮንትራት ነበር የሚበሉት። ሌሎቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ሦስቱ ግን ቤተኞች ነበሩ። አንዱ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ወሬው የማያልቅ ወጣት። ሁለተኛው የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው፤ ሁላችንም «ዶክተር» እንለው ነበር፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ሦስተኛው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ትንሽ የሚያወራ ብዙ የሚያይ ሰው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ግን አልልም፣ ለምን እንደሆነ ስትሰሙ ትፈርዱልኛላችሁ።

ደገኞቹ እዚያ ስንኖር አንዳችን የሌላችንን ዘር ማንዘር አናውቅም። ሁሉም ከሩቅ የመጣ ነው። ማን ምን ጥሎ እንደመጣ፣ ማን ከማን እንደሸሸ አይጠየቅም ነበር። ለእኔ የጋምቤላ ትልቁ ጸጋዋ ያ ነበር፤ ለሙቀቷም ለትንኟም ያስቻለኝ እሱ ነው።

መጽሐፉ የሐጂ ነበር። ሐጂ ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ስኳር፣ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። እኔ ቤት ሻይ ይጠጣሉ እንጂ ምግብ አይቀምሱም። የክርስቲያን ሥጋ የተሠራበት ድስት ነዋ፤ እሳቸውም አያስቀይሙኝም፣ እኔም አልቀየምም። በረንዳው ጫፍ ላይ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «እግዜር ይስጥልን ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። ከነዚያ ከሦስቱ ጋር አንድ ትሪ ከበው አያውቁም።

ክረምቱ ገብቶ የጎሬ መንገድ በጭቃ ሲዘጋ፣ አውሮፕላኑም የሚያርፍበት ሜዳ ውኃ ሲተኛበት፣ ከተማው ውስጥ አዲስ ነገር የሚባል ጠፋ። ጋዜጣ የለም፣ እንግዳ የለም። አስተማሪው ሐጂ ሱቅ ውስጥ መጽሐፉን ሲያይ ተውሶ መጣ። ሽፋኑ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ተጽፎበታል አለን። ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ጀመር። እኔም ዕቃ እያጠብኩ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ።

ታሪኩ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው በአንድ የደጋ መንገድ ዳር እንግዳ ማረፊያ ቤት አለው። ነጋዴ ከነበቅሎው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ አይነሳም። ሬሳው ከጓሮው እንሰት ሥር ይቀበራል። ሰውየው ደግሞ እንግዳ አክባሪ ነው፤ ምግቡ ሲቀርብ ራሱ ከዳር ቀምሶ፣ «ብሉ፣ አይዟችሁ» ይላል። ከዳር ነው የሚቀምሰው፤ መርዙ ያለው መሃል ላይ ነው። እንዲህ እያደረገ ስንቱን ጨረሰ።

አስተያየት መስጠት የጀመሩት ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። አስተማሪው ጸሐፊውን አደነቀ፤ «ሰውየው እንዴት እንደሚስቅ እንኳ ጽፎታል» አለ። ሃምሳ አለቃው ጸሐፊውን አልወደደውም፤ የቀድሞ ፖሊስ ነኝ ማለቱን አላመነም፣ «ፖሊስ ይህን ያህል አያወራም» ብሎ ዘጋው። ዶክተሩ ስለ መርዙ ሁለት ቀን ሙሉ አስተማረን። እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሙያዬ ነው፤ ስለ ወጥ ሲወራ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገራል። ድስቴን እየፈተግኩ፣ «ሰውየው ቀመሰ፣ ሰውየው አቀረበ ትላላችሁ፤ ለመሆኑ ወጡን የሠራው ማን ነው?» አልኳቸው።

ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ። አስተማሪው ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠና፣ «ሚስት አለችው» አለ። «እስካሁን ልብ አላልናትም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያወሩት ስለ ሚስትየዋ ብቻ ሆነ። እኔ ነኝ ያነሳሁላቸው። ኋላ ሳስበው በራሴ ላይ በር የከፈትኩት በራሴ አፍ ነው፤ እየሳቅሁ የምናደድበት ነገር ነው።

አንዲት ወዳጅ ነበረችኝ፣ አሣ የምታቀርብልኝ የአኝዋክ ሴት። ጠዋት ጠዋት በታንኳ ባሮን ተሻግራ አምባዛ ታመጣልኛለች። አማርኛዋ አጭር ነው፤ አንቱ ማለትም የለ፣ ሁሉም ለሷ አንተና አንቺ ነው። አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ፣ ከበሰለው አሣ ጠቅልዬ ላጎርሳት እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ አለች። «እጅ አለኝ» አለችኝ፣ ሁለት መዳፏን እያሳየችኝ። ጉርሻ የእነሱ ልማድ አይደለም። ያን ቀን ግን ተቀየምኳት፤ ፍቅሬን የመለሰችብኝ መሰለኝ። እሷ ምንም ሳይመስላት በራሷ እጅ ቆርሳ በላች።

የመጽሐፉን ታሪክ እኔ ነኝ የነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ ሃምሳ አለቃው ምሳውን ሊበላ ገባ፤ ዞር ብላ፣ «ሰው ሁሉ ሲሞት አንተ የት ነበርክ?» አለችው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እሱ አልሳቀም። ቀጥላ ወደ እኔ፣ «ሴትዮዋ እናት የላትም? ለምን እናቷ ቤት አልሄደችም?» አለች። ያኔ ሳቄ ቆመ። እኔ እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። በማግስቱ እጄን ይዛ ለባሌ የመለሰችኝ እናቴ ናት።

ይኸው ነው የእኔ ጉድ። ከደጋ የወረድኩት ከባሌ ሸሽቼ ነው። ግራ ክንዴ ላይ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ የሚደርስ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ክንዴን ምድጃ ውስጥ ይዞ ያቆየው እሱ ነው፣ ጨው በዛ ብሎ። ጋምቤላ ስገባ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የአጎቱ ልጅ እኛ ወረዳ ፖሊስ ጣቢያ የሚሠራ ነው፤ ያለሁበት ከተሰማ መጥቶ እንደሚወስደኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አገርሽ የት ነው ያለኝን ሁሉ አፌ እንዳመጣልኝ መለስኩለት። ለአስተማሪው ጎሬ፣ ለዶክተሩ ደምቢዶሎ፣ ለሃምሳ አለቃው ጅማ አልኩ። ጠባሳውንም ለአንዱ ዘይት፣ ለሌላው እንፋሎት አልኩት። ሦስቱ ተቀምጠው ያወራርዱታል ብዬ በምን ልጠርጥር።

አስተማሪው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሲደርስ ታሪኩ መሃል ላይ ተቆረጠ። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሉም። ሰውየው ተይዟል፤ እንዴት እንደተያዘ፣ ሚስቱም የት እንደገባች የሚለው ጠፍቷል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ መጨረሻውን ከራሱ እየፈጠረ ይናገር ጀመር። አስተማሪው «ሚስቱ ሸሽታለች» አለ። ዶክተሩ «መርዙን የምትቀምመው እሷ ነበረች፣ ወንድ ይህን ያህል አይታገሥም» አለ። እኔ ሻይ ይዤ ስወጣ ሁሉም ጸጥ አሉ።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ስወጣ ወሬው ይቋረጥ ጀመር። ድስት ሳወርድ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሃምሳ አለቃው አንድ ቀን እንደ ቀላል ነገር፣ «ጅማ የየትኛው ሰፈር ልጅ ነሽ?» አለኝ። አስተማሪው ወጥ የሚጨልፍ መስሎ አቀረቀረ። እኔ ደግሞ በሌላ ጠረጠርኳቸው። ቤቴን ሊያስለቅቁኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መጋዘኖቹን መንግሥት ሊያፈርስ ነው የሚባል ወሬ ነበር። ሌላም አሰብኩ፣ ሴት ብቻዋን ስትኖር የሚታሰበውን ሁሉ። በሬን ማታ ማታ ሁለቴ መቀርቀር ጀመርኩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ጉርሻው የመጣው።

መጀመሪያ ያጎረሰኝ አስተማሪው ነው። ትሪውን አስቀምጬ ልመለስ ስል፣ «ቆይ እንጂ እትዬ፣ ሁልጊዜ እኛ ብቻ» አለና ከትሪው መሃል ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ። በሞቴ አለኝ። ጎረስኩ። በማግስቱ ዶክተሩ፣ በሦስተኛው ቀን ሃምሳ አለቃው። እሱስ ብድግ ብሎ ነው ያጎረሰኝ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ደንብ ሆነ፤ ምግብ ሲቀርብ ከመሃል አንድ ጉርሻ ለእኔ፣ ከዚያ እነሱ ይጀምራሉ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ልቤ ቅልጥ አለ። ከሠርጌ ቀን ወዲህ ሰው አጉርሶኝ አያውቅም ነበር። ስንት ጊዜ ሙሉ ለሌላው ሠርቼ፣ እኔ የተረፈውን ጓዳ ውስጥ ቆሜ ስበላ ኖሬ፣ ሦስት ወንዶች አክብረው አስቀድመው ሲያጎርሱኝ አንጀቴ ራሰ። ስጠረጥራቸው በመክረሜ አፈርኩ። ቅቤውን ጨመርኩላቸው። ለሃምሳ አለቃው አጥንት ያለበትን እየመረጥኩ አወጣለት ነበር። ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩበትም ቀን አለ። ለአሣ አቅራቢዋ ወዳጄ እየኩራራሁ ነገርኳት፤ እሷ «ልጅ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ቀን ጥርሴን አመመኝ። ጉንጬ አብጦ አፌ አልከፈት አለ። ክኒን የሰጠኝ ራሱ ዶክተሩ ነው። ምሳውን አቅርቤ ስመለስ አስተማሪው እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ዘረጋ። «ዛሬስ ይቅርብኝ መምህር፣ ጥርሴ» አልኩት። እጁን አላጠፈም። «ትንሽዬ ናት» አለ። «አልችልም አልኩ እኮ።» ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። እኔ ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው ክፍተት አየኋቸው። ሦስቱም እጃቸውን ታጥበው ትሪውን ከበው ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም እጁን አልሰደደም። ዶክተሩ ሃምሳ አለቃውን ያያል፣ ሃምሳ አለቃው ጉርሻውን ያያል። ወጡ በረደ። ከዚያ ሃምሳ አለቃው ሥራ አለኝ ብሎ ተነሳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ትሪው እንደቀረበ ተመለሰ።

ያን ጊዜ የሁሉም ቀን ጉርሻ አንድ በአንድ መጣብኝ። ለካ ስውጥ ጉሮሮዬን ነበር የሚያዩት። ለካ ውጬ እስክጨርስ፣ ትንሽም እስክቆይ ነበር ሳይጀምሩ የሚያወሩት። ለካ ሁልጊዜ ከመሃል ነበር።

አስተማሪው ዣንጥላውን ረስቶ ስለነበር ተመለሰ። በር ላይ ቆምኩበት። ደሜ ፈልቷል፣ ጉንጬ ያበጠው ተረስቶኛል። «ምን አድርጌያችሁ ነው? ተናገር» አልኩት። መጀመሪያ ሊሸሽ ሞከረ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ዘረገፈው። የሰውየው ሚስት ወደ ቆላ ሸሽታለች ብለው ወስነዋል፤ ሥራዋ ወጥ መሥራት ነው፣ ብቻዋን ነው የምትኖር፣ አገሯን አትናገርም። እኔ ደግሞ ሦስት አገር ተናግሬያለሁ። ከዳር መቅመስ ዋጋ የለውም፣ በራሳችን እጅ ከመሃል እናጉርሳት ያለው ዶክተሩ ነው።

«መጽሐፉ ወደ ቆላ ሸሸች ይላል?» አልኩት።

«መጽሐፉ እንኳ... ቅጠሉ የለም። እኛ ነን ያልነው።»

«እናንተ ናችሁ ያላችሁት።»

«እትዬ፣ እኔ በበኩሌ አላመንኩበትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አጎረስከኝ?» አልኩት። ዣንጥላውን አነሳ። ሊወጣ ሲል ዞር አለና የባሰውን ነገረኝ። ሃምሳ አለቃው ወደ ጎሬ የሚልከውን ጥያቄ ጽፎ ጨርሷል፤ የክንዴን ጠባሳ፣ መልኬን፣ እዚህ መቼ እንደመጣሁ፣ በየፖሊስ ጣቢያው የሚያውቃት ካለ ተብሎ። የሚጠብቀው አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ነው።

ነፍሰ ገዳይ መባሌን እንኳ ረሳሁት። ያ ወረቀት በየጣቢያው ሲዞር የባሌ የአጎት ልጅ እጅ መግባቱ አይቀርም። ጠባሳውን ያውቀዋል፤ ሲቃጠል በሰዓቱ እዚያው ቤት ጠላ ይጠጣ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ከደረቀ እኔ አለቀልኝ።

ሌሊት ሳላንቀላፋ አድሬ ጠዋት ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሌላ ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ መጽሐፉ የሳቸው ስለሆነ ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ ያን መጽሐፍ አንብበውታል?»

«ለሰው ከማዋሴ በፊት አነበብኩት እንጂ። እኔ ከመጨረሻው ነው የምጀምር። ነጋዴ ነኝ ልጄ፣ ምን ላይ እንደሚደርስ ሳላውቅ ምንም ነገር አልይዝም።»

«መጨረሻው እኮ ጠፍቷል።»

«ዝናብ ገባበትና ቅጠሉ ተላቀቀ። ኮረሪማ ጠቀለልኩበት» አሉ ምንም ሳይመስላቸው። ከዚያ የጠፋውን ነገሩኝ። ሰምቼ ስጨርስ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ? እነሱ ስለ መጽሐፉ የሚነጋገሩት ትሪ ላይ ነው። እኔ ትሪያቸው ላይ የለሁም።»

እውነታቸውን ነው። ሦስት የተማሩ ሰዎች የመጽሐፉን ባለቤት በየቀኑ በረንዳው ጫፍ ላይ እያዩ፣ ስለ መጨረሻው አንድም ቀን አልጠየቋቸውም። አብሮ የማይበላ ሰው አስተያየት ያለው አይመስላቸውም። እኔም ብሆን ሐጂ አንብበው ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ለእነሱ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «እዚህ አይደለም፣ እኔ ቤት፣ ትሪው ላይ ተቀምጠው። የተባልኩት እዚያ ነው።» ድስቱን ማሰባቸው ገባኝ። «ፍልሰታ ገብቷል፣ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም» አልኩ። «አዲስ ድስት አወጣለሁ። ትሪውንም በአመድና በባሮ አሸዋ እፈትገዋለሁ።» «እንግዲህ ሽሮሽን እንቅመሰው» አሉ።

በጾሙ የሚበሉት ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስቱ ሲመጡ ሐጂ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ግራ ገባቸው፣ ግን ለሽማግሌ ተነስተው ሰላምታ ሰጡ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አቀረብኩ። አስተማሪው ዓይኔን ማየት አልቻለም። ዶክተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሊያጎርሰኝ መጠቅለል ሲጀምር፣ «ዛሬ ሐጂ ይጀምሩ» አልኩ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ከፊታቸው ቆረሱና በሉ። ደግመው በሉ። ሦስቱ እጃቸውን ሰብስበው ጉሮሯቸውን ያያሉ። ሐጂ አላመጡ፣ ዋጡ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ትጠብቁኝ የነበረ መሰለኝ» አሉ። «አልሞትኩም። አሁን መጽሐፌን ልጨርስላችሁ።»

ነገሯቸው። ሰውየውን ያስያዘችው ሚስቱ ናት። አንድ ቀን ባሏ ገበያ ሲሄድ፣ በዝናብ፣ በእግሯ ተጉዛ ፖሊስ ጣቢያ ደርሳ፣ ጓሮውን ቆፍሩት ብላለች። መርዙን እሱ ነበር ከጓዳ ሲያስወጣት የሚጨምረው። ፍርድ ቤት ቀርባ ፊቱ ቆማ መስክራለች። ዘመዶቹ ሊገድሏት ሲፈልጓት አገር ለቃ ሄደች፤ ጸሐፊው ያለችበትን ያውቃል፣ ግን በሕይወት ትኑር ብዬ አልጽፈውም ብሎ ዘግቶታል።

እኔ ሞኟ የሚያፍሩ መስሎኝ ነበር። አቀርቅረው ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

ዶክተሩ ጎመኑን እያየ፣ «ታዲያ እስከዚያ ድረስ ለምን ዝም አለች?» አለ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ አስተማሪው። «ይህን ሁሉ ሰው ካስጨረሰች በኋላ።»

ሃምሳ አለቃውም ከዚያ ሁሉ ዝምታው፣ «ብትፈልግ ቀድማ ትመጣ ነበር» አለ።

ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ቀሚሴን እጀታውን እስከ ትከሻዬ ሰበሰብኩና ክንዴን ትሪው ላይ፣ ከፊታቸው ዘረጋሁት። «ይኸው፣ እዩት። ዘይት አይደለም። እንፋሎትም አይደለም። ባሌ ነው ምድጃ ውስጥ ይዞ ያቆየኝ። እኔም ቆይቻለሁ። ከዚህ በኋላም ስንት ዓመት ወጥ ሠርቼለታለሁ። ለምን ቆየሽ በሉኛ። እናቴ ቤት ሄጄ መልሳኛለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የተቀመጠው የአጎቱ ልጅ ነው፣ ስቆ መልሶኛል። የት ነበር የምሄደው? ሦስት አገር ያልኳችሁ እንዳይወስደኝ ነው። አሁን ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ይላኩት። እኔ ያላችሁኝ ሴት አይደለሁም፤ እሷ የሄደችውን ያህል መንገድ እንኳ መሄድ ያልቻልኩ ነኝ። ይላኩትና ይምጣና ይውሰደኝ።»

እንባዬ መጣ፣ አልጠረግሁትም። ሐጂ ጸሎት እንደሚያደርግ ሰው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ባሮ ሞልቶ ሲጮህ ይሰማ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ክንዴን ለረጅም ጊዜ አየው። እሱ ነገር ሲመረምር እንደዚያ ነው የሚያይ፤ አሁንም እየመረመረኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «ወረቀቱ አይሄድም» አለ።

«በምን አምናለሁ?»

«በልጆቼ» አለ። ልጆች እንዳሉት እንኳ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እጁን እንደገና ታጠበ። ከራሱ ፊት፣ ከዳር፣ በጥንቃቄ ጠቀለለ። ሽበታም ሰውዬ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፌ ዘረጋው። ዓይኑ ቀልቷል። ይህችኛዋ እውነተኛ ጉርሻ ነበረች፤ ያጎረሱኝ ሁሉ በጉሮሮዬ አልፈው ስለነበር አሁን ልዩነቱን አውቀዋለሁ። አፌም ሊከፈት ነበር፣ ልቤም ፈልጎት ነበር።

«ሃምሳ አለቃ» አልኩት፣ «እጅ አለኝ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔ ጓዳ አልተመለስኩም። አስተማሪውን ጠጋ በል አልኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ያን ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ትሪው ላይ ከሰው ጋር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከመሃል ቆርሼ በራሴ እጅ በላሁ። ሃምሳ አለቃውም ቆይቶ ቁጭ አለና ያችን የጠቀለላትን ራሱ ጎረሳት። ሁላችንም ትሪውን ጨረስን።

ሜዳው ደርቆ አውሮፕላኑ መመላለስ ሲጀምር፣ ባረፈ ቁጥር ከበረንዳዬ ቆሜ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አያለሁ። ያን በጋም ቀጣዩንም እንደዚያ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። ባሌ አልመጣም። ሃምሳ አለቃው ተዛውሮ እስኪሄድ ድረስ እኔ ቤት በላ፣ እኔም ያን ትልቁን አጥንት አወጣሁለት፤ ጉርሻ ግን ዳግመኛ አልሞከረም። ሌሎቹም አልሞከሩም።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ሠርግ ደግሼያለሁ፣ ሰው አጉርሼያለሁ። እኔን ሊያጎርሱኝ ሲሉ ግን እጅ አለኝ እላለሁ፤ አያታችን ኩሩ ናት ይሉኛል። ኩሩ አይደለሁም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን የዚያን ሽበታም ሃምሳ አለቃ ጉርሻ ይርበኛል።